ዘንበልና ዘጠኙ እርምጃ

ዘንበል አንድ ጠብታ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሚኒባስ ሲነዳ፣ ሠርግ ላይ እንኳ ለስላሳውን ይዞ ጥግ የሚይዝ ሰው ነው። "ዘንበል" የሚለውን ስም ያወጣለት ዛሬ ትራፊክ ፖሊስ የሆነው አብሮ አደጉ ነው። ልጆች ሳሉ ከአጥር ሲዘሉ ግራ እግሩ ተሰበረ፤ ሲድንም አጥሮ ቀረ። ያን ዕለት አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰውም ይኸው ጓደኛው ነበር።

አንድ ጠዋት ሚኒባሱ የአብሮ አደጉ አለቃ የሆነውን የትራፊክ ሹም አዲስ መኪና ጫር አደረገ። ሹሙ ገና ከመውረዱ "ይሄማ ጠጥቷል!" ብሎ ጮኸ። የተቆጣ ሹም ደግሞ መለኪያ አያስፈልገውም። የትንፋሽ መመርመሪያውም ተበላሽቶ ቢሮ ተቀምጧል። ስለዚህ በቦታው ተረኛ የነበረው አብሮ አደጉ ስካሩን ሊፈትን የአስፋልቱን ነጭ መስመር አሳየው፦ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ ዘጠኝ እርምጃ፣ ከዚያ ዞሮ መመለስ።

"አንተ፣ ትቀልዳለህ እንዴ?" አለ ዘንበል እየሳቀ። ወዳጁ ዓይኑን ከሚሞላው የምርመራ ቅጽ ላይ አላነሳም። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ሰውየው እንደ ስሙ ዘንበል አለ፤ እንጀራው የሆነው መንጃ ፈቃድም ተያዘ።

ፍርድ ቤት በባለሙያነት የተጠራች ሐኪም አስረዳች። "መጠጥ ሚዛናችንን የሚጠብቀውን የኋላኛውን አንጎል ያውካል። መስመሩ ግን መንገዳገድን እንጂ ስካርን አያይም። እግሩ የተጎዳ፣ ጆሮውን የታመመ፣ ዕድሜው የገፋም ይንገዳገዳል። ቅጹ አስቀድሞ 'የአካል ጉዳት አለ?' ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።"

ቅጹ ላይ "የለም" ተብሎ ተሞልቷል።

"ጠይቀውት ነበር?" አሉ ዳኛው ትራፊኩን።

"አዎ፣ ክቡር ዳኛ። ጤነኛ ነኝ አለ።"

"ከዚያ በፊት ያውቁታል?"

ትራፊኩ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሹም ሰረቅ አድርጎ አየ። "አላውቀውም።"

ዘንበል ጆሮውን ማመን አቃተው። "ክቡር ዳኛ፣ እስቲ ስሜ ማን እንደሆነ ይጠይቁልኝ" አለ።

ትራፊኩ ወረቀቱን አንስቶ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ አነበበ፤ በዕድሜው አንድም ቀን ጠርቶት የማያውቀውን ስም።

ዳኛው ዘንበልን እስከ በሩ ተራመድ አሉት። ሲያነክስ ችሎቱ ሁሉ አየ፤ መንጃ ፈቃዱም ተመለሰለት። የፍርድ ቤቱን ደረጃ ሲወርድ ትራፊኩ እየሮጠ ደረሰበት።

"ዘንበል፣ ቆይ ላስረዳህ፣ ሹሙ እኮ..."

እሱ አልዞረም።

"ዘንበል የሚባል ሰው አታውቅም" አለው። "የእኔ ስም ወረቀቱ ላይ አለልህ።"