መጠለያው ውስጥ የወለደችው ውሻ

ልጄ ወታደር ቤት ስትገባ ውሻዋን ለእኔና ለእናቴ ጥላልን ሄደች። እናቴ ጎንደር ገጠር ያደገች ናት፤ ውሻ ደጅ ይጠብቃል እንጂ ምንጣፍ ላይ አይተኛም ባይ ነበረች። የውሻይቱ ሆድ እየገፋ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ አኮረፈችኝ።

አንድ ዓርብ ከገበያ ስመለስ ውሻይቱ በር ላይ አልተቀበለችኝም። ጠዋት የሰጠኋት ዶሮ እንዳለ ደርቋል። ቤቱ ሳይሞቅ ታለከልካለች፣ ጥግ ጥጉን ትቧጥጣለች፣ ትተኛና ወዲያው ትነሣለች። ቆሻሻ ልጥል በሩን ስከፍት ሾልካ ወረደች። ሳገኛት ሚክላት ውስጥ፣ የሕንፃችን ሰው ሁሉ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮኽ የሚሸሸግበት ምድር ቤት፣ የተጣለ ፍራሽ እየቦጫጨቀች ጎጆ ትሠራለች።

ልጄ ጋ ደወልኩ።

«ኢማ» አለችኝ፣ እማዬ ማለቷ ነው፤ «ሙቀቷን ለኪ። ከሠላሳ ሰባት በታች ከወረደ ቀርቧል ማለት ነው። ካለችበት እንዳታነሻት።»

ለካሁ። ወርዷል።

የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጡረተኛ፣ ቁልፉን ይዞ መጣ።

«ይኼ የሰው መጠለያ ነው። ሻባት ሳይገባ አስወጫት» አለኝ በዕብራይስጥ።

ባሕሩ ዳር በምሠራበት ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ፣ እዚህ ደረጃው ላይ ጎረቤቶች ስለምንሠራው ወጥ ሽታ ሲያጉረመርሙብኝ፣ «እሺ» ማለት ለምዶብኛል። ያን ቀን ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣም።

«አላስወጣትም» አልኩት።

«ሳይረን ቢጮኽስ?»

«ከጎኗ እንቀመጣለና።»

«ማዘጋጃ ቤት እደውላለሁ።»

«ደውል። እነሱ እስኪመጡ ወልዳ ትጨርሳለች።»

ይህን ስንባባል እናቴ በዱላዋ እየተደገፈች ወረደች። ከሱ ጋር ታብራለች ብዬ ፈራሁ። ውሻይቱን ቆማ አየቻት፤ ጎኗ ይንቀጠቀጣል፣ ዞራ ዞራ ኋላዋን ትልሳለች።

«ምጥ ይዟታል» አለች እናቴ። ከዚያ ወደ ሰውየው በአገጯ እያመለከተች፣ «ንገሪው። በሱዳን በኩል ወደዚህ ስንሰደድ መንገድ ላይ አንቺን ሳምጥ አብረውን የሚጓዙት ተነሺ አሉኝ። አልተነሣሁም በይው።»

ይህን ከእሷ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ሰውየው እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ደረጃውን ወጣ።

ለሻባት፣ ለሰንበቱ፣ ሻማ ከመለኮሱ በፊት የመጀመሪያው ቡችላ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እናቴ ውሻ በእጇ አልነካችም፤ ግን ሁሉም እስኪወጡ ከፕላስቲክ ወንበሯ አልተነሣችም።

እሑድ ዕለት በሕንፃው መግቢያ ላይ «እንስሳ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። አልቀደድኩትም። ቡችሎቹ መራመድ ሲጀምሩ የኋላ በር ሳልፈልግ ወረቀቱ በተለጠፈበት በዚያው በዋናው በር፣ ሊቀመንበሩ ቆሞ እያየ፣ ከእናታቸው ጋር ወደ ፀሐይ አወጣኋቸው።