«ሐሰት ነው» የማይሉት ተከሳሽ

አራት ዓመት ሙሉ ሕግ ስሸመድድ ያየሁት አንቀጽ እንጂ ሰው አልነበረም። በአምስተኛው ዓመት «የተግባር ልምምድ» ተብሎ ትምህርት ቤታችን ጉለሌ ወደከፈተው ነጻ የሕግ አገልግሎት ቢሮ ስመደብ ደስታ ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። ቢሮው ከሽሮ ሜዳ ገበያ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ነው። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ሲንቀጠቀጥ፣ ቢሮውን የምትመራው አስተማሪያችን ከወረቀቷ ቀና ሳትል «እግርሽን አሳርፊው» ትለኛለች። እግሬ አይሰማም።

መጀመሪያ የደረሱኝ ባለጉዳይ ሸማ ሠሪ ነበሩ። በልጅነታቸው ከደቡብ መጥተው እዚያው ሽሮ ሜዳ ያረጁ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ከተከራዩት ክፍል ልቀቁ ተብለው ተከሰዋል። ክፍሉ ማደሪያቸው ብቻ አይደለም፤ ሲሸምኑ እግራቸውን የሚያስገቡበትን ጉድጓድ የቆፈሩት እዚያው ወለሉ ላይ ነው። ዛሬ የትኛው አከራይ ነው ወለሌን ቆፍር የሚል? ከዚያ ክፍል ከወጡ ሥራውም አበቃ ማለት ነው።

ከሳሻቸው የግቢው ባለቤት፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ባልቴት ናቸው። ሸማ ሠሪው ድሮ ክፍሉን ፈራርሶ አግኝተው ሲጠግኑት፣ ባልቴቷ «ልጅህ ትምህርቷን እስክትጨርስ ማንም አያስወጣህም» ብለዋቸው ነበር። ልጅቷ ገና አልጨረሰችም። አሁን የባልቴቷ ወንድ ልጅ ክፍሉን ለሱቅ ማከራየት ስለፈለገ፣ በእናቱ ስም ያስጻፈው ክስ «ምንም ቃል አልተገባለትም» ይላል። ውል የለም፣ ምስክር የለም።

ተማሪ ችሎት ፊት ቆሞ እንዲከራከር አይፈቀድለትም፤ የእኛ ሥራ ባለጉዳዩ ራሱ እንዲናገር ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ ቢሮው ውስጥ አስተማሪዬ ዳኛ ሆና ተቀመጠች።

«ከሳሽ ቃል አልገባሁም ይላሉ። መልስዎ ምንድን ነው?»

«ሐሰት ነው ይበሉ፣ አባባ» አልኳቸው ከጎናቸው።

ደነገጡ። «ማንን? እትዬን? እትዬን ውሸታም ልበላቸው?»

«ውሸታም አይደለም እኮ፤ ሐሰት ነው ብቻ...»

«ልጄ፣ ባለቤቴ ስትሞት ልጄን ያጠቡልኝ፣ ያበሉልኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ በሰው ፊት ቆሜ?»

ተናደድኩ። ክፍላቸውን የሚያጡት እሳቸው፣ የምቁነጠነጠው እኔ! ሳምንቱን በጭቅጭቅ ጨረስነው፤ እኔ «ሐሰት ነው ይበሉ»፣ እሳቸው «ነውር ነው»። በመጨረሻ ቢቸግረኝ «እሺ፣ ረስተውት ይሆናል ይበሉ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «እሱን እላለሁ። ሰው ይረሳል።»

አስተማሪዬ ግን አልወደደችውም። «ይሄ በቅጡ መካድ አይደለም እኮ፤ በግልጽ ያልተካደ እንደታመነ ይቆጠራል» አለችኝ ሸማ ሠሪው ከሄዱ በኋላ። «ምስክር በሌለበት እሳቸው የሚድኑት ባልቴቷ ራሳቸው ካመኑ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት መጥቶ በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ደግሞ እኔ አላየሁም።» ከዚያ ወዲያ ምግብ አልበላ አለኝ። ቃሉን ያቀበልኳቸው እኔ ነኛ።

የቀጠሮው ቀን ሸማ ሠሪው ኮሪደሩ ላይ ከሳሻቸውን ሲያዩ ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው።

«እትዬ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?»

«ተመስገን፣ ብርዱ ነው እንጂ። ልጅቷ ደህና ናት?»

አብሯቸው የመጣው የባልቴቷ ልጅ ፊቱን አዞረ። እኔ ጥፍሬን በላሁ። እነዚህ ሊካሰሱ ነው ወይስ ሊጠያየቁ የመጡት? በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

ዳኛው ወጣት ነበሩ። እኔ ኋላ አግዳሚው ላይ አፌን ዘግቼ፣ ሁለት ጉልበቶቼን በእጆቼ ጨምቄ ተቀምጫለሁ።

«ተከሳሽ፣ ከሳሽ ምንም ቃል አልገባሁም ይላሉ። መልስዎ?»

ሸማ ሠሪው ቀስ ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ተነስቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«ጌታዬ፣ እትዬ አይዋሹም» አሉ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ቃል ገብተውልኛል። ግን ዕድሜ ነው፣ ሐሳቡም በዝቶባቸዋል። ረስተውት ነው።»

ዳኛው ወደ ባልቴቷ ዞሩ። «እናቴ፣ ረስተውት ነው?»

ባልቴቷ በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «ማነው የረሳው? እኔ? እኔ አልረሳሁም!»

«እማዬ!» አለ ልጃቸው ከኋላ።

«ዝም በል! ልጅህ ትምህርቷን እስክትጨርስ ማንም አያስወጣህም ብዬዋለሁ። የተናገርኩትን የምረሳ ሴት አይደለሁም።»

ዳኛው ወደ ጸሐፊዋ ዘወር ብለው «ይመዝገብ» አሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው አስተማሪዬ «አመኑ እኮ!» ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ያመመኝ ቆይቶ ነው።

ስንወጣ ልጅየው እናቱን ትቶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሸማ ሠሪው ባልቴቷ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ በሰው ፊት አስረጀሁዎት።»

«ረሳች ትለኛለህ?» አሉ ባልቴቷ፣ ገና እንደተቆጡ። ከዚያ ደረጃውን አዩትና እጃቸውን ዘረጉ። «በል ያዘኝ፣ ያዳልጣል።»

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ፤ የሚገቡት አንድ ግቢ ነው። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። የባልቴቷን ቦርሳ ተቀብዬ ከኋላ ተከተልኳቸው። የማንኛቸው ጠበቃ እንደሆንኩ ለራሴም አልታወቀኝም።