አስር ፐርሰንት አይደለም

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ የትምህርት ቤታችን ቧንቧ ደርቆ የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ለሙከራው ከሱቅ ውሃ አስመጡ። አምቦ ውስጥ ደግሞ ሱቅ ገብተህ ውሃ ስትል የሚሰጡህ ባለጋዙን ነው።

ዘጠና ግራም ውሃ ላይ አስር ግራም ጨው ጨመርኩ። አረፋው ተንጣጥቶ ሲያበቃ ብመዝነው መቶ አልሞላም፤ ጋዙ አምልጧል። በውሃው ውስጥ የጨውን ድርሻ ለማግኘት ክብደቱን ለጠቅላላው አካፍዬ በመቶ ሳባዛው ከአስር ፐርሰንት በለጠ። እንደዚያው ጻፍኩ።

"አስር ነው፤ ሰርዢው" አሉኝ።

"ሚዛኑን ይዩታ፣ ቲቸር!"

"መልሱ መጽሐፉ ላይ አለ።"

"የመጽሐፉ ውሃ ጋዝ የለውማ!"

ኤክስ አደረጉብኝ። አልሰረዝኩም። ሌላ ጠርሙስ ከፍቼ በብርጭቆ ቀዳሁ፤ ብርጭቆውን ከነሚዛኑ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና ጨው ነሰነስኩበት። የሚዛኑ ቁጥር ዓይናቸው እያየ ይወርድ ጀመር።