ሰደርያ የለበሱት አጥኚዎች

በዐረብ አገር፣ በኒ ማሊክ በሚባለው ሰፈር ከተከራየሁበት ክፍል በታች አንዲት የወሎ ሴት ከሕፃን ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ልጁ ተቅማጥ አልለቀው ብሎ ከስቷል። ጥፋቱ የውኃው ነው ትላለች፤ እውነትም ከጣሪያው ታንከር የሚወርደው ውኃ ይሸታል። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌላት ሐኪም ቤት መሄድም ሆነ ለአከራዩ አቤት ማለት አትደፍርም።

ነገሩን የተማሩት ወገኖቻችን ሰሙ። መሐንዲሶች፣ የአየር መንገድ ሠራተኞችና አንድ ሁለት ሐኪሞች ያሉበት ኮሚቴ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጣሪያ ወጥቶ ታንከሩን በከፈተው ነበር፤ ኮሚቴው ግን ስብሰባ ጠራ። ችግሩን ማጥናት ያለበት ራሱ ነዋሪው ነው ተባለ። ሐሳቡ ክፋት የለውም። በቀን ሥራ ከሚያድሩት የሰፈሩ ጎረምሶች መካከል አጥኚዎች ተመረጡ፤ አንዳቸውም ኢቃማ የላቸውም። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ እሱም መሐንዲስ ነው፣ ሰው እንዲያከብራቸው ብሎ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ አለበሳቸው።

ይህ ሁሉ የሆነው፣ ፈቃድ የሌለው በሰላም ከአገር እንዲወጣ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ ፖሊስ ቤት ለቤት በሚያስስበት ሰሞን ነው።

አጥኚዎቹ ከአስር ሶላት በኋላ በሰልፍ ወደ መንገዳችን ገቡ። ከመስኮት ያየ አንድ ሰው ጀዋዛት መጣ አለ፤ የፓስፖርት ፖሊስ ማለቱ ነው። ሰፈሩ ወደ ጣሪያ ተመመ። አጥኚዎቹም ሰው ሲሮጥ አይተው፣ ፖሊስ ከኋላቸው የደረሰ መስሏቸው፣ ከነሰደርያቸው ተከትለው ሮጡ። ይህም የፊተኞቹን የባሰ አስሮጣቸው። መንገዱ ላይ የቀረው ሰብሳቢው ብቻ ነበር፤ ኢቃማው በኪሱ፣ የናሙና ጠርሙሱ በእጁ።

እኔ ስደርስ ጣሪያው ላይ አሳዳጅና ተሳዳጅ ትንፋሽ አጥሯቸው ይተያያሉ። አንዱ ሊደበቅ ብሎ የታንከሩን ክዳን ከፈተና ወዲያው ፊቱን አዞረ። ውስጡ እርግብ ሞታ በስብሳለች።

የወሎዋ ሴት ልጇን እንዳዘለች ጠጋ ብላ አየች። «ወላሂ ጥሩ ጥናት ነው» አለች። «በየቀኑ ብታስሮጡን ስንቱን ባወቅን።»

ማንም መውረድ ስላልደፈረ፣ ሌላ ሥራም ስላልነበረ፣ እዚያው ውኃውን ደፍተው ታንከሩን በሰደርያው ፈተጉት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጁ መብላት ጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ እውነተኛው ጀዋዛት መጣ፤ ሰደርያ አልለበሰም። ከሕንጻው ሰው ከፊሉ ተያዘ፣ የቀረው ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ። ሴትየዋ ወደ ማቆያው በሚሄደው አውቶቡስ ስትሳፈር ከታንከሩ የቀዳችውን ውኃ በጠርሙስ ይዛለች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ውኃው ሲጠራ የኛ ነገር ኸላስ፣ አለቀ።»

ኮሚቴው በመጨረሻው ስብሰባው፣ ነዋሪው በጥናቱ በንቃት መሳተፉን፣ በአሁኑ ጊዜም በሕንጻው ስለ ውኃ የሚያማርር አንድም ሰው አለመኖሩን አስታወቀ። እኔ ኢቃማ ስላለኝ ሳልያዝ ክፍሉን ለቅቄ ነበር፤ እንደ ልማዴ ሄጄ አጣራሁ። እውነት ነው፤ አንድም ሰው አልነበረም።