ጋሼን ማን ያርማል?

በሃያ አራት ዓመቴ ፈረንጅ አገር፣ ዊልሻየር የሚባል ጎዳና ላይ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ የአምስት ሠራተኞች ኃላፊ ሆንኩ። ከአምስቱ አንዱ ጋሼ ነበሩ። አገር ቤት ሳሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር ነበሩ፤ ለአጭር ሥልጠና መጥተው ሳለ አብዮቱ ፈነዳና እዚሁ ቀሩ። ባልደረቦቻቸው ታስረዋል። የመኖሪያ ወረቀታቸው ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ቢባረሩ የሚመለሱት ወደዚያው ነው።

ያን ጊዜ ኮምፒውተር የሚያነበው የተበሳ ካርድ ነበር፤ የኛም ሥራ ከቅጽ ላይ ቁጥር እያዩ ካርድ መብሳት ነው። ጋሼ እንደ አገራችን ልማድ ቀኑን ከወሩ ያስቀድማሉ፤ እዚህ ደግሞ ወሩ ነው የሚቀድመው። ስህተቱን ያየሁ ዕለት ልነግራቸው ተነሣሁ። ጠረጴዛቸው ጋ ስደርስ መነጽራቸውን አውልቀው «ምን ፈለግህ ልጄ?» አሉኝ።

«ሻይ ላምጣልዎት ብዬ ነው» አልኩ። አባቴ ቢሆን ቆሞ የሚያናግራቸውን ሰው እንዴት ብዬ ተሳስተዋል ልበል!

ከዚያ ወዲያ እሳቸው ለምሳ ሲወጡ ካርዶቻቸውን እያወጣሁ ደግሜ እበሳ ጀመር። ማታ ማታ ኮሌጅ የሥራ አመራር እማር ነበር፤ የነገ ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን ካልተማረ ወድቆ ይቀራል የሚል ጽሑፍ ጽፌ ኤ አግኝቻለሁ። ቀን ቀን ግን እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየሁ የሰው ሥራ እሠራለሁ። ጋሼን በስማቸው ብቻ የምትጠራው ፈረንጅ አለቃችን «ከእሱ ተማሩ፣ አንድም ስህተት የለበትም» ባለች ቁጥር ካርዶቼ ላይ አቀረቅራለሁ።

አንድ ሰኞ ካርድ ሊቀር መሆኑን ነገረችን። ስክሪን ያላቸው መሣሪያዎች መጥተዋል። ዓርብ እያንዳንዳችን እሷ አጠገብ ተቀምጠን እንፈተናለን፤ ያላለፈ ይሰናበታል። ጋሼ ምሳሌያችን ስለሆኑ እሳቸው ይጀምራሉ። ያን ሳምንት ሙሉ ጋሼ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ወታደሮች ሲቀበሏቸው ይታየኛል።

ሐሙስ እንደ ወትሮው በመኪናዬ ፌርፋክስ አካባቢ ወደተከራዩት ቤት አደረስኳቸው። መኪናውን አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁ፤ መልሼ አስነሣሁት፤ ደግሞ አጠፋሁት።

«ምነው ፈራህ? ነገ እኮ ኢዚ ነው፤ ሚስቴክ የለብህም ብላኛለች» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የማርመው።»

«ምኑን?»

«ካርድዎን። ቀኑንና ወሩን ያገላብጡታል። ለምሳ ሲወጡ አስተካክለዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት።»

ቁጣ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን በሩን ከፍተው ወረዱና ሳይሰናበቱኝ ገቡ።

ዓርብ ጠዋት ከፈተናው በፊት ጋሼ አለቃችን ቢሮ ገቡ። ያ ንጹሕ ሥራ የኔ አይደለም ብለው ነገሯት። በመስታወቱ አሻግሬ ሳያቸው እንደ ተማሪ ቆመው ነበር። አለቃችን አላባረረቻቸውም። አንድ ወር ሰጠቻቸውና የምታስተምራቸው ልጅ መደበችላቸው፤ ከወሩ በኋላ ይፈተናሉ። እኔን ከኃላፊነቴ አነሣችኝ። ስላልነገርከው ልታስባርረው ነበር አለችኝ፤ እውነቷን ነው።

ማታ ጋሼን በመኪናዬ መለስኳቸው። ኦሎምፒክ የሚባለው ጎዳና ላይ ስንደርስ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ጀመሩ።

«አገር ቤት ሃያ ዓመት የፈረምኩት ወረቀት አንድ ቀን ተመልሶብኝ አያውቅም። ጎበዝ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር።» ወደኔ ዞሩ። «እስቲ ንገረኝ፣ እዚያስ ስንት ሰው ይሆን ከኋላዬ ሲያርም የኖረው?»

አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። የአለቆቹን ስህተት እንዴት ደብቆ እንደሚያቃና እራት ላይ ሲያወራ ነው ያደግሁት። ጋሼ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ፈራሁ።

«ኧረ ማንም የለም ጋሼ» አልኳቸው።