አይጥ የበላው ፎቶ

ባለፈው ሰሞን ዲላ ከተከፈተው አዲስ ሱፐርማርኬት ገብቼ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ስፈልግ፣ ከአንዱ መደርደሪያ የሽቶ ሳሙና ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ሲሞላው፣ ሻጯ ልጅ «እናቴ፣ ምን ልርዳዎት?» እስክትለኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ምን ትርዳኝ? ሽታው የእናቴ የቆርቆሮ ሳጥን ሽታ ነበር። እማዬ በየዓመቱ በቡና ሰሞን ገንዘብ እጇ ሲገባ አንድ የሽቶ ሳሙና ትገዛና፣ ከነወረቀቱ ከልብሶቹ መሃል ታስቀምጠው ነበር እንጂ፣ አንድም ቀን ታጥባበት አታውቅም። እኛ የምንታጠበው በተራው ሳሙና ነበር፤ ያኛው የሚሸተት ብቻ ነበር። ወንድሜ በቀለ «ይሄ ሳሙና ከእኛ ይበልጥ ተከብሮ ይኖራል» እያለ ይቀልድባት ነበር።

አባታችን እኔ በእግሬ ሳልሄድ ስለሞተ አላውቀውም። ቤታችን ማለት እማዬ፣ በብዙ ዓመት የሚበልጠኝ በቀለና እኔ ነበርን። እማዬ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነበረች፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ትውልና፣ ማታ ቀሚሷን ደጅ አራግፋ ትገባ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ የቦካ የቡና ገለፈት ሽታ ከማጠቢያዎቹ ተነስቶ ከተማውን ሲሸፍነው፣ እንግዳ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፣ እኛ ግን ደስ ይለን ነበር፤ የገንዘብ ሽታ ነዋ። ገበሬው ከወናጎም ከጨለለቅቱም ቡናውን ሸጦ ወደ ገበያ ይጎርፋል፣ ሱቁ ሁሉ ይሞላል፣ ለእኔ ከረሜላ፣ ለበቀለ ሸራ ጫማ፣ ለእማዬ ያ የማይታጠቡበት ሳሙና ይገዛል።

የምንገዛው ከጋሽ ከድር ነበር። ጋሽ ከድር ቤተሰቦቹ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ የከተሙ ነጋዴ ሲሆን፣ ከፊት ለፊት ሳሙና፣ ክርና አቡጀዲ እየሸጠ፣ ከጀርባ ባለችው ክፍል ደግሞ ፎቶ ያነሳ ነበር። እዚያች ክፍል ውስጥ ሐይቅና ዳክዬ የተሳለበት መጋረጃ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ በክር የታሰረበት መስታወት፣ ኮት ለሌለው የሚያውሰው አንድ ጥቁር ኮት ነበረው። ለአጭሩም ለረጅሙም፣ ለሙሽራውም ለተማሪውም ያው አንድ ኮት ነበር።

አንድ የቡና ሰሞን እማዬ ምን እንደታያት እንጃ፣ ሳሙናዋን ገዝታ ስታበቃ «ዛሬ ፎቶ እንነሳለን» አለች። እሷን ጋሽ ከድር ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ እኔ አጠገቧ ቆምኩ፣ በቀለ ኮቱን ለብሶ ከኋላችን ቆመ፤ ቁመተ ረጅም ስለነበረ እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀርቶበታል። ጋሽ ከድር ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ጭንቅላቱን ሲከት እኔ ፈርቼ ልሮጥ ስል፣ በቀለ ትከሻዬን ይዞ «አስቱ፣ እኔ ይዤሻለሁ» አለኝ። ጋሽ ከድር ከጨርቁ ውስጥ ሆኖ «የበቀለ እናት፣ ፈገግ በይ እንጂ! ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ እማዬ ሳቋን ልትይዝ ስትታገል ነው ፎቶው የተነሳው።

ፎቶው አማረ። አንዱን እኛ በክፈፍ አድርገን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፤ ሌላውን ጋሽ ከድር ደንበኛ ይስብልኛል ብሎ በሱቁ መስኮት ላይ አቆመው። በቀለ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኔን አስከትሎ በዚያ በኩል እየዞረ፣ መስኮቱ ፊት ቆሞ ለራሱ «ደህና ዋልክ ወይ፣ ባለ ኮቱ?» ይል ነበር። እኔም አብሬው ሰላም እላለሁ፤ ለሳምንታት ከዚያ የበለጠ ጨዋታ አልነበረንም።

በሌላው ዓመት የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ወጣቶቹን ለብሔራዊ ውትድርና መሰብሰብ ተጀመረ። የበቀለ ዕድሜ ደርሶ ነበር። እማዬ ማንንም ሳታማክር ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ሰው በማያውቀን ቀበሌ አንዲት ክፍል ተከራየችና፣ ቀበሌው ስታስመዘግብ «ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ተለወጠ። ድሮ ሰው ሁሉ «የበቀለ እናት» ሲላት የነበረችው ሴት «የአስቴር እናት» ሆነች፤ የድሮ ጎረቤት መንገድ ላይ አይቷት በቀድሞ ስሟ ሲጠራት እንዳልሰማ ሆና ታልፍ ነበር።

በቀለ ትምህርቱን ትቶ ቀን ቀን ከከተማ ውጭ በዘመዶቻችን የእንሰትና የቡና ጓሮ ውስጥ ይውልና፣ ሲመሻሽ ይመጣል። የቀበሌው ሱቅ ስኳር የሚሰጠው በሰው ቁጥር ስለነበረ፣ የሁለት ሰው ስኳር ለሦስት ነበር የምንጠጣው። በቀለ ስኳሩን ወደ እኔ ብርጭቆ እየገፋ «እኔ እኮ የለሁም፤ የሌለ ሰው ሻይ በስኳር አይጠጣም» ይላል፤ ቆጮው ሲቀርብ ደግሞ «የሌለው ሰውዬ ግን ርቦታል» ይልና ትልቁን ያነሳል። እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው እንዴት እንደሳቅን ይገርመኛል፣ ያንጀት ሳቅ ነበር እኮ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ የሴቶች ማህበር ተጠሪ ወይዘሮ አበበች በማግስቱ ቤት ለቤት እየዞረች እንደምትጎበኝ ተሰማ። እማዬ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ አዞረች። በቀለ «ሳጥን ውስጥ ክተቺው» ቢላት፣ «ሳጥን ሲፈተሽ አላየህም? የተደበቀ ነገር ያስጠረጥራል» አለችና፣ ፎቶውን ከክፈፉ አውጥታ የልብስ መቀሷን አነሳች። ከበቀለ ራስ ጀመረች። በቀለ ከጎኗ ተቀምጦ «ቀስ በይ፣ ጆሮዬን እንዳትቆርጪ» እያለ ይቀልዳል፤ እሷ ከንፈሯን ነክሳ፣ እንደ ቡና ለቀማዋ ጥንቅቅ አድርጋ፣ በኮቱ ዳር ዳር ትቆርጣለች። ትከሻዬ ጋ ስትደርስ ቆመች። እጁን ለማውጣት እኔን መቁረጥ ሊኖርባት ነው።

«እጄን ተዪላት» አላት በቀለ፣ «አስቱ ብቻዋን ትፈራለች።»

በማግስቱ በማለዳ እኔን አስከትላ ጋሽ ከድር ዘንድ ሄደችና፣ የመስኮቱንም ፎቶ፣ ነጋቲቩንም እንዲያቃጥለው ለመነችው። ጋሽ ከድር ብዙ አልጠየቀም። የከሰል ምድጃውን ከሱቁ ጀርባ አውጥቶ፣ እማዬ ቆማ እያየች ሁለቱንም እሳቱ ላይ አደረጋቸው፤ ነጋቲቩ ተኮማትሮ እስኪያልቅ ጠበቀችና፣ እፎይ ብላ ወጣች። «አላህ ያትርፍልሽ» አላት ከኋላዋ።

ወይዘሮ አበበች ከሰዓት መጣች። ጸጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ ደርባባ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራት ሴት ነበረች። ፎቶውን አየችው። እማዬና እኔ አለን፣ ከኋላችን ሰው የሚያክል ቀዳዳ አለ።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?»

«አይጥ ነው» አለች እማዬ።

ወይዘሮ አበበች ወደ ክፈፉ ጠጋ ብላ፣ ትከሻዬ ላይ የቀሩትን አራት ጣቶች ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ ተቀምጣ ሻይዋን ጠጣች፣ የማህበሩን ስብሰባ ቀን ነገረችን፣ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «የእናንተ አይጥ መቀስ አለው እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «ለማንኛውም ንገሪው፣ በዚህ ሳምንት ቤት አይደር።»

ለማንም አልተናገረችም። ፎቶውን ሙሉውን ብታየውም አትናገርም ነበር ብዬ የማስበው አሁን ነው።

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ በቀለ ቡሌ ወዳለው አጎታችን በእግሩ ሊሄድ ተነሳ። እማዬ ቆርጣ ያወጣችውን ምስል ከጉያዋ አውጥታ «ይሄም ቤት አይደር፤ አንተ ያዘው» ብላ ሰጠችው። እሱም ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ «በሉ፣ ራሴን ይዤ ሄድኩ» ብሎ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወጣ። እኔ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ፤ መልሼ ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

ክረምቱ ሲገባ አጎታችን ከቡሌ ብርድና ጭቃ ወርዶ፣ ዝናብ አበስብሶት ደጃችን ቆመ። እማዬ ገና ስታየው ገባት። «ጨው አልቆብን ነበር» አለ አጎቴ፣ «እኔ ልሂድ ስለው፣ አንተ ደክመሃል ብሎኝ ገበያ ወረደ። አፈሳ ነበር። በመኪና ጭነዋቸው ሄዱ።» ከዚያ በኋላ «ለጨው፣ ለጨው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። እማዬ ኡኡ ብላ መጮህ አልቻለችም፤ ለማን ነው የምትጮኸው? በዚያ ሰፈር ወንድ ልጅ የላትም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ወሬም አልነበረም፣ መርዶም አልነበረም። የቡናው ሰሞን ይመጣል፣ ገለፈቱ ይሸታል፣ እማዬ ሳሙናዋን ትገዛለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉና፣ መንግሥት ተለወጠ ተባለ። በዚያው ክረምት የተበተነው ወታደር በየአውቶቡሱ፣ በየጭነት መኪናው፣ በእግሩም ጭምር መመለስ ጀመረ። እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው መናኸሪያው ላይ ይቆሙ ነበር።

እማዬ የበቀለ ፎቶ አልነበራትም። ወደ ጋሽ ከድር ሮጣ «ምናልባት አንድ እንኳ ቀርቶ እንደሆነ» ብትለው፣ ሸምግሎ የነበረው ሰውዬ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ «የበቀለ እናት፣ አንቺው ፊት አይደለም እንዴ ያቃጠልኩት? ቢኖረኝ መች እከለክልሻለሁ?» አላት። ከዚያ ከጎኗ ወደቆምኩት ወደ እኔ ተመለከተና «ምን ፎቶ ትፈልጊያለሽ፣ ይቺ ልጅ ቁርጥ እሱን አይደለችም እንዴ?» አለ። ሊያጽናናት ብሎ ነው። እማዬ ግን ቤት እንደገባን በርጩማ ላይ አስቀምጣኝ፣ በዚያው መቀስ ሹሩባዬን ከሥሩ ቆረጠችው፣ የቀረውንም እንደ ወንድ ልጅ አሳጠረችው።

ጸጉሬ መቆረጡን ያዩ ጎረቤቶች ሐዘን የመጣብን መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊያለቅሱ መጡ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ልጄ አልሞተም! ሂዱ!» ብላ መለሰቻቸው። የሰፈሩ ሰው እማዬ ወንድ ልጅ እንዳላት ያወቀው ያን ቀን ነው።

ክረምቱን ሙሉ መናኸሪያው ላይ ቆምን። እማዬ አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛ ላይ አንተና አንቺ ይቀላቀልባት ነበር፤ «ና አስቴር፣ ቀና በል» ትለኝና አገጬን ይዛ ለወታደሮቹ ታሳየኛለች። «ልጄ፣ ይሄን የሚመስል አይተሃል? ወንድ ነው። ረጅም ነው። ሳቂታ ነው።» ከሲታ፣ ጫማቸው የተበጣጠሰ ሰዎች ቆም ብለው ፊቴን ያዩና ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። አንዱ ግን አላለፈም። አፍጥጦ ሲያየኝ ቆየ። የእማዬ እጅ አገጬ ላይ ሲጠብቅ ተሰማኝ።

«አየኸው?» አለችው።

«አይ እናቴ» አለ፣ «እኔ ታናሽ እህቴ መስላኝ ነው።» እማዬ ለበቀለ ይዛው የነበረውን ዳቦ አውጥታ ሰጠችው። እዚያው ቆሞ እያለቀሰ በላው።

በቀለ አልመጣም። እማዬም እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠችለትም። ጸጉሬ አደገ፣ ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። እማዬ አሁን አርጅታ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ድሮ ቁጭ ብላ ፊቴን ስትመለከት ማንን እንደምትፈልግ አውቅ ነበር፣ ከተወሰነ ዓመት ወዲህ ግን ተወችው። እኔ ጉንጬ ወረደ፣ ጸጉሬ ሸበተ፤ እሱ ዛሬም ገና ወጣት ነው።

ልጄ ሜሮን ምሳዋን ከመብላቷ በፊት ፎቶ ታነሳዋለች። የእኔም ስልክ ስንት ፎቶ እንደያዘ አላውቀውም፤ ሞላ ሲለኝ ሳላይ አጠፋለሁ። ያን የሽቶ ሳሙና ከሱፐርማርኬቱ ገዝቼ በመጣሁ ማታ፣ ሜሮን የልጅነት ፎቶዬን ከትምህርት ቤት መታወቂያ ላይ አንስታ፣ በስልኳ ወዲያ ወዲህ ስታደርግ ቆየችና፣ «እማዬ፣ ወንድ አደረግሁሽ፣ አጎቴን አገኘሁት!» ብላ አሳየችኝ። አንድ ጎረምሳ ያየኛል። ስልኩን ይዤ ወደ እናቴ ሄድኩ።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። «ያምራል» አለች። «የማን ልጅ ነው?»

ስልኩን መለሰችልኝና፣ ከአልጋዋ ሥር ሳጥኗን ስቤ እንዳወጣላት አዘዘችኝ። የድሮውን ፎቶ ከነክፈፉ አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፣ አውራ ጣቷንም ትከሻዬ ላይ ባሉት ጣቶች ላይ አሳረፈች። «በቀለ ይሄ ነው» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለሜሮን። እኔም ያመጣሁትን ሳሙና ሰጠኋት። አሸተተችው፣ ፈገግ አለች፣ ከነወረቀቱ ከፎቶው አጠገብ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ዛሬስ ታጠቢበት እንጂ» አልኳት።

«ተይው» አለችኝ ሳጥኑን እየዘጋች፣ «መንገደኛ ነው፣ ሲመጣ ይታጠብበታል።»