ከአበልጄ ጋር ያጣላኝ አልበም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን ዓይነት ሙዚቃ የምንሰማ ሁለት ሰዎች ነበርን። ሌሎች ካሉ እስከ ዛሬ ተደብቀዋል፤ አልፈርድባቸውም። አንዱ እኔ ነኝ። መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ። ሌላው ሆስፒታል የሚሠራ ፋርማሲስት ነው። ሙዚቃው ፕሮግረሲቭ ሮክ ይባላል። ለማያውቀው ሰው ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። አንዱ ዘፈን እስኪያልቅ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ጎረቤት ከተማ አማኑኤል ሊገባ ይቃረባል። ምቱን ያዝኩት ሲሉት ይቀየራል። ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ድረስ ደግሞ አድማጩ ዘፋኝ መኖሩን ይረሳዋል።

የተዋወቅነው ላፕቶፑ ተበላሽቶ ወደ ሱቄ ባመጣው ጊዜ ነው። ጠግኜ ስጨርስ ድምፁ መሥራት አለመሥራቱን ልሞክር ብዬ ያገኘሁትን የሙዚቃ ፋይል ከፈትኩ። እኔ ከተማሪነቴ ጀምሮ ብቻዬን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው የኖርኩት ባንድ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ፣

"ድምፁስ ደህና ነው?" አለኝ።

"ድምፁ ደህና ነው። ሁለተኛውን አልበም ግን ከየት አገኘኸው?" አልኩት።

ትንሽ ቆሞ አየኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያን ቀን ሱቁን ስዘጋ አብረን ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ተረኛ ካልሆነ ተከራይቶ ወደሚኖርበት ክፍል እየሄድኩ አብረን መስማት ጀመርን። እትዬ የምንላቸው የግቢው ባለቤት መጀመሪያ ሰሞን በመስኮት ብቅ እያሉ "እስካሁን አልተሠራላችሁም?" ይሉን ነበር። ጠጋኝ መሆኔን ስለሚያውቁ የተበላሸ ሬዲዮ ይዤ የምመጣ መስሏቸዋል። እኛም ለማስረዳት ስለሰነፍን "ገና ነው እትዬ" እንላቸው ነበር። በሙያዬ ላይ የነበራቸው እምነት በዚያው ጠፋ። ስልካቸው ሲበላሽ ሌላ ሰው ጋ ወሰዱት።

ጓደኝነታችን እየጠበቀ ሄደ። ባለቤቴ ወንድ ልጅ ስትወልድልኝ የክርስትና አባት ይሁን ያልኩት እሱን ነው። አበልጄ ሊሆን ማለት ነው። ደስ ብሎት እሺ አለ። ክርስትናው ሳይደርስ ግን ባንዱ ከረጅም ዝምታ በኋላ አዲስ አልበም አወጣ።

ሁለታችንም ቴሌግራም ላይ የባንዱ ወዳጆች የሚሰባሰቡበት ቡድን ውስጥ ነን። ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ አለ። አልበሙ በወጣ ሰሞን እዚያ የነበረው ውጊያ ሌላ ነው። አንዱ ስለ መጀመሪያው ዘፈን "በመጨረሻ ወደ ራሳቸው ተመለሱ" ብሎ ሲጽፍ፣ ሌላው ስለዚያው ዘፈን "ማን እንደነበሩ ረስተዋል" ይላል። ከበሮው ባዶ ጀሪካን ይመስላል ያለ ነበር፤ እንዲህ ጥርት ያለ ከበሮ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም የሚልም መለሰለት። አንድ ሰውዬማ አልበሙ ሳይወጣ ጀምሮ ነበር ቅር የተሰኘው። ይህን ሁሉ እያነበብን ከጓደኛዬ ጋር ስንስቅ ሰነበትን። ሥራ የፈቱ ሰዎች ናቸው አልን።

ቅዳሜ ሲደርስ ሰማነው። መብራት ስላልነበረ በስልኩ፣ ጆሮ ማዳመጫውን አንድ አንድ ጆሮ ተካፍለን ነው የሰማነው። ዘፈኖቹ አጫጭር ሆነዋል። የቀድሞው ከበሮ መቺ ወጥቷል። የመጨረሻው ዘፈን ፒያኖና አንድ የሰው ድምፅ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ጓደኛዬ የእሱን ወገን ከጆሮው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና፣

"ለሠርግ ይሆናል" አለ።

እንዲህ ያለ ስድብ በዚያ ክፍል ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ምንም። ሰፊው ሕዝብ ይወደዋል ማለቴ ነው።"

"አንተ ድሮም የምትወደው ሙዚቃውን አይደለም። ሌላ ሰው የማይገባው መሆኑን ነው የምትወደው።"

የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ጠቀለለ። ከዚያ በጣም ረጋ ባለ ድምፅ፣ መድኃኒት አወሳሰድ እንደሚያስረዳ ሰው፣ "ጆሮህ ደክሟል" አለኝ።

ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ልቤ በጣም አዘነ፤ ለምን እንዲያ እንዳዘነ ግን ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም። መንገድ ላይ ቢያየኝ ይሻገራል፤ ባየው እሻገራለሁ። የከተማው ዋና መንገድ ሰፊ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል።

ባለቤቴ ነገሩን ያወቀችው ክርስትናው ሲቃረብ ነው። "የልጁ ክርስትና አባት የት ጠፋ?" ስትለኝ ተጣልተናል አልኳት። በምን ተጣላችሁ ስትለኝ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣

"እውነቱን መቼ ነው የምትነግረኝ?" አለች።

"ይሄው ነው እውነቱ።"

"ሁለት የተማሩ ሰዎች በዘፈን ተጣሉ ብዬ ለማን ልንገር?"

ለማን እንደምትነግር ግን አልጠፋትም። አጎቷን ጠራች። ጋሼ በወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታውን ግን ጆሯቸው አልተቀበለውም፤ ዛሬም ሰው ሲያወራ አቤቱታ እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። እሳቸው ደግሞ ጎረቤታችንን፣ ድጓ የሚያስተምሩትን የኔታን ጨምረው ሽምግልና ተቀመጡ። ቦታው የእትዬ ሳሎን ሆነ። እኔና ጓደኛዬ ትይዩ ወንበር ተሰጠን። አልተያየንም።

"የጠቡ መነሻ ምንድን ነው?" አሉ ጋሼ።

"አልበም ነው" አለ ጓደኛዬ።

"የፎቶ?"

"የሙዚቃ ነው ጋሼ።"

ጋሼ ፈገግ አሉ። "ይሄ እንግዲህ ሽፋኑ ነው። ሽፋኑን አንሡና ከሥር ያለውን ንገሩን።"

"ከሥሩ ምንም የለም" አልኩ።

"ሴት?"

"የለችም።"

"ድንበር?"

"እሱ ተከራይ ነው ጋሼ፤ እኔም ሱቋን ተከራይቼ ነው።"

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እንግዲያው ማስረጃው ይሰማ" አሉ።

የኔታ ወዲያው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። "ዘፈን ከሆነ እኔ ልውጣና ስትጨርሱ ትጠሩኛላችሁ።"

"ይቀመጡ የኔታ" አለ ጓደኛዬ። "ዘፈን የሚባል አይደለም።"

"አይጨፈርበትም?"

"ማንም ሊጨፍርበት አይችልም።"

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። ጠላቴ ቢሆንም እውነቱን ነው አልኳቸው። ሽማግሎቹ በአንድ ነገር ስንስማማ መጀመሪያ ያዩን ያኔ ነው። የኔታ ተመልሰው ተቀመጡ።

ጓደኛዬ ከድሮው አልበም ይጀመር፣ ያለ ማነጻጸሪያ ፍርድ የለም አለ። ጋሼ ይህን አነጋገር ወደዱት። ስፒከሩን ከእትዬ የአበባ ማስቀመጫ አጠገብ አድርጎ ረጅሙን ዘፈን ከፈተው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ጉልበታቸውን ቀስ እያሉ መምታት ጀመሩ። ምቱን ያዙት፤ አመለጣቸው። ደግመው ያዙት፤ ደግሞ አመለጣቸው። መሐል ላይ ዓይናቸውን ገልጠው "አሁን ገና ሊጀምር ነው ወይስ እያለቀ ነው?" አሉ። ጋሼ በጣታቸው ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጧቸው።

ዘፋኙ ሲገባ ጋሼ ትርጉሙን ጠየቁ። ጓደኛዬ እያቆመ ተረጎመላቸው። "ጨው የሆነ በር አለ ይላል። በሩ እኔን አንኳኳኝ ይላል። ከዚያ ሰዓቱ ውኃ ጠጣ ይላል።"

የኔታ ነቃ አሉ። "ሰምና ወርቅ ነዋ። ወርቁ ምንድን ነው?"

ጓደኛዬ ተጨነቀ። እሱ የሚዋሽ ሰው አይደለም። "የኔታ፣ እኔ እስካሁን ሰሙም አልገባኝ።"

"እና ለምን ትሰማዋለህ?"

"እሱን ነው የምወደው።"

ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። ከአዲሱ አልበም የመጨረሻውን፣ የፒያኖውን ዘፈን ከፈትኩ። ትርጉም የጠየቀ የለም። ሲያልቅ እትዬ ከጓዳ በር ላይ ሆነው "ይሄኛውስ ተሠርቷል" አሉ። ይህን ድጋፍ ልቀበለው ወይስ ልከፋበት አላወቅኩም።

ጋሼ መጀመሪያ ተናገሩ። "የፊተኛው ይበልጣል። ክርክር አለበት። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ከብዙ ድካም በኋላ ይፈታል። ሰው የደከመበት ሥራ ነው። የኋለኛው ግን ገና ሳይከራከር ያለቅሳል።"

"እኔ አይመስለኝም" አሉ የኔታ። "የፊተኛው እወቁልኝ ይላል። የኋለኛው ያዘነ ሰው ነው። ዜማውም አራራይ አራራይ ይላል፤ አንጀት ይበላል።"

"ማዘን ብቻውን ምን ሙያ አለው የኔታ?"

"መርዘምስ ምን ሙያ አለው? እርስዎ ቀጠሮ ሲያረዝሙ የኖሩ ስለሆኑ ረጅም ነገር ቢወዱ አይገርምም።"

ጋሼ ባርኔጣቸውን ካስቀመጡበት አነሡ። "እኔ ለዳኝነት እንጂ ለመዘለፍ አልመጣሁም" ብለው ወደ በሩ ሄዱ። የኔታም ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ በድጓ የነጣ ፀጉር ይዘው ስለ ዜማ ከዳኛ እንደማይማሩ ተናገሩ።

ያኔ እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ምንም ሳንነጋገር ተነሣን። እሱ ጋሼን በሩ ላይ ያዛቸው፤ እኔ የኔታን ትከሻቸውን ይዤ አስቀመጥኩ። ተዉ እንጂ ጋሼ፣ ይተዉት የኔታ፣ ለሁለት ዘፈን ብለው፣ በሽማግሌ ዕድሜ፣ ስንል ቆየን። ያልነው ሁሉ ትክክል ነበር። ጋሼ የተመለሱት የኔታ "ቀጠሮ ያልኩትን አንሥቻለሁ" ካሉ በኋላ ነው። ስለ ሙዚቃው ያሉትን ግን አላነሡም። እኛን መታረቅ አለመታረቃችንን የጠየቀን ሰው የለም። እትዬ ጠላ ቀዱና ሁሉም ጠጣ።

ከዚያ እየመሸ ሲመጣ ጓደኛዬ ሸኘኝ። አስፋልቱ ድረስ አብረን ሄድን። ባጃጅ ስንጠብቅ እሱ ጀመረ።

"ተመርቄ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከአማኑኤል ገባ ብሎ ያለ ጤና ጣቢያ ነበር። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል። የማወራው ሰው አልነበረኝም። ያ የድሮው አልበም ኑሮ ሲከብደኝ አብሮኝ የሚከብድ ነበር። አሁን የባንዱ ሰዎች ደህና ሆነዋል፤ በድምፃቸው ያስታውቃል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ደስ አልለኝ አለ።"

ይህን በቀደሙት ቅዳሜዎች ሁሉ ነግሮኝ አያውቅም። እኔም፣

"ልጁ ከተወለደ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ረጅሙን የምከታተልበት አቅም አጥቻለሁ። አዲሱ አቅም አይጠይቅም" አልኩት።

"እኔም ጆሮህ ደክሟል ያልኩት ይሄንኑ ነበር" አለ።

ልመልስለት ሳስብ ባጃጁ መጣ።

በክርስትናው ዕለት ልጄን ታቅፎ ቆመ። ልጁ ሲጮህ ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር የደነገጠው። ግብዣው ላይ ጋሼና የኔታ ድንኳኑ ውስጥ ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ። ሰላምታ ተለዋውጠዋል፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ወጥ እያቀረብኩ ስዞር ጋሼ እጄን ያዝ አድርገው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያን ረጅሙን ስልካቸው ላይ እንድጭንላቸው ጠየቁኝ። "ነገሩን በሚገባ ሳልመረምረው ተናገርኩ የሚል ሐሳብ እንዳይመጣ ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼም ይመጣሉ። ዘፈኑ እየሄደ "ይቁም" ይሉና ያለፈውን ክፍል ያብራሩልናል። ዘፈኑን እንኳን ሳንጨርስ የምንለያይባቸው ቅዳሜዎች አሉ። የኔታ መጥተው አያውቁም፤ ግን በሱቄ ሲያልፉ ያ ያዘነው ልጅ ሌላ ነገር አወጣ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ዘፋኙ የእሳቸው እኩያ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

በቅርቡ ባንዱ አንድ አዲስ ዘፈን ለቀቀ። ሦስታችን ተሰብስበን ሰማነው። ሲያልቅ ጓደኛዬ "አልወደድኩትም" አለ። እኔም አልወደድኩትም ነበርና አልወደድኩትም አልኩ። ጋሼም ባዶ ነው አሉ። የሚቃወም ሰው ስላልነበረ ነገሩ እዚያው አለቀ። እትዬ ቆሎ አቀረቡልን። እሱን እየቆረጠምን ስለ ዝናቡ መዘግየት ትንሽ አወራን፤ ጋሼ አንድ ሁለቴ አዛጉ። ጀምበር ሳትጠልቅ ቤቴ ገባሁ፤ ባለቤቴም "ዛሬ ምነው በጊዜ መጣህ?" አለችኝ።